ጨዋታ ለእንጀራ ሲሆን፤ የላይል ቶምሰንና የወንድሞቹ ታሪክ

ሰው ከአባቱ የወረሰውን ነገር ሲያከብሩለት ደስ ይለዋል፤ ያንኑ የወረሰውን ለእንጀራው ባዋለው ጊዜ ግን የአባቱን ርስት ገበያ ያወጣ እየመሰለው ያፍራል። ከዚህም የተነሣ በብዙ አገር ጨዋታና ደመወዝ እንደ ባላንጣ ሲተያዩ ኖረዋል። እኛም ይህን ነገር በልባችን ስናመላልስ፣ በአሜሪካ አገር የአባቶቹን ጨዋታ ሙያው አድርጎ የያዘ፣ በሙያውም ቤቱን ያስተዳደረ፣ ነገር ግን የጨዋታውን ክብር ያልሸጠ የአንድ ሰው ታሪክ ትዝ አለን። ስሙ ላይል ቶምሰን ይባላል፤ ጨዋታውም ላክሮስ ነው። ታሪኩ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የአራት ወንድማማቾች ታሪክ ስለ ሆነ፣ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ልናወጣው ተገቢ መስሎናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በኒው ዮርክ ግዛት ከሲራኪዩዝ ከተማ በስተ ደቡብ የኦኖንዳጋ ሕዝብ ምድር ይገኛል። ይህ ሕዝብ በአንድ ቃል ኪዳን ከተባበሩት ከስድስቱ ነገዶች አንዱ ነው፤ እነርሱም ሞሆክ፣ ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋ፣ ሰኔካና ቱስካሮራ ናቸው። ፈረንሳዮች ኢሮኳ ብለው ጠሯቸው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን ሀውደኖሾኒ ይላሉ፤ ትርጓሜውም የረጅሙ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ከስድስቱም መካከል የኦኖንዳጋ ሰዎች የመካከሉን እሳት ጠባቂዎች ስለሚባሉ፣ የነገዶቹ ታላቅ ጉባኤ የሚደረገው በእነርሱ ምድር ነው። የትውልድ ሐረግ በእናት በኩል ይቆጠራል፤ አለቆችን የመምረጥና ያጠፋውንም የመሻር ሥልጣን የወገን እናቶች ነው።

የላክሮስም ጨዋታ ከእነዚህ ሕዝቦችና ከጎረቤቶቻቸው የተገኘ ነው። ጨዋታው በበትርና በኳስ ይደረጋል። አንባቢዎቻችን ከሚያውቁት ከገና ጨዋታ ጋራ በበትሩና በግፊያው ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የገና ዱላ ጫፉ ቆልማማ ሆኖ ሩሩን ከመሬት ሲመታ፣ የላክሮስ በትር በጫፉ መረብ አለበትና ተጫዋቹ ኳሱን በመረቡ ይዞ ይሮጣል፣ ለባልንጀራው ይወረውራል፣ የተወረወረለትንም ከአየር ይቀልባል፤ ከበረኛው በቀር ማንም ኳሱን በእጁ ሊነካ አይፈቀድለትም። በሜዳ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ከየወገኑ 10 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ የሜዳውም ርዝመት 100 ሜትር፣ ስፋቱ 55 ሜትር ያህል ነው። በአዳራሽ ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ከየወገኑ 6 ሰዎች ብቻ ሆነው፣ ዙሪያው በሳንቃ በታጠረ ጠባብ ስፍራ ይጋጠማሉ፤ ኳሱንም የያዘው ወገን በ30 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ግቡ ሊወረውረው ግድ ይሆንበታል። ኳሱ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሰውነት ላይ ባረፈ ጊዜ ሕመሙ ቀላል አይደለም።

በሀውደኖሾኒ ዘንድ ግን ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፈጣሪ እንዲደሰትበት ለሰው ልጅ የሰጠው ስጦታ ነው ብለው ያምናሉ፤ መድኃኒት ነው ብለውም ይጠሩታል። ሰው በታመመ ጊዜ ወይም ሕዝቡ በተጨነቀ ጊዜ በእንጨት በትር ይጫወቱለታል፤ በዚያን ጊዜ ዋናው ነገር የጸሎቱ መድረስ እንጂ የአሸናፊው ማንነት አይደለም። ወንድ ልጅ በተወለደ ጊዜ ትንሽ በትር በአጠገቡ ያኖሩለታል፤ በሞተም ጊዜ በትሩ አብሮት ይቀበራል። በትሩን የሚሠሩት ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ነው፤ እንጨቱን ፈልጠው፣ በእንፋሎት አለስልሰው ጫፉን ያጎብጡታል፤ ከዚያም እስኪደርቅ ብዙ ወራት ይጠብቁታል። በ1970 ዓመት ግድም የፕላስቲክ በትር በገበያ በወጣ ጊዜ የእንጨቱ ሥራ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን በ2023 ዓመት ያረፉት አልፍ ጃክስ የተባሉት የኦኖንዳጋው በትር ሠሪ፣ ከአባታቸው የተማሩትን ሙያ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይዘው ለወጣቶች አሳለፉት።

እንግዲህ ይህ የተቀደሰ ነገር ከደመወዝ ጋራ እንዴት ተገናኘ? እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። በካናዳ ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የተባሉ የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም በ1867 ዓመት የጨዋታውን ደንብ በጽሑፍ አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ነጮቹ ማኅበር አቁመው ጨዋታውን እንደ ራሳቸው ያዙት። የአገሬው ሰዎች ድኾች ነበሩና፣ ከሩቅ አገር መጥተው ሲጫወቱ ለመንገዳቸውና ለስንቃቸው ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። በዚህ ምክንያት በ1880 ዓመት የካናዳው ማኅበር እነዚህ ሰዎች በገንዘብ የሚጫወቱ ሙያተኞች ናቸው ሲል ከሻምፒዮና ውድድሩ ከለከላቸው። ባለቤቶቹ ከገዛ ቤታቸው በር ላይ እንደ እንግዳ ተመለሱ ማለት ነው። በደመወዝ መጫወት የሚለውም ቃል በመጀመሪያ የተነገራቸው ለማዕረግ ሳይሆን ለነቀፋ ነበር። ላይል ቶምሰን ሙያተኛ ተጫዋች ተብሎ ሲከበር፣ በአያቶቹ ላይ እንደ ነውር የተቆጠረው ስም ነው በእርሱ ዘመን ክብር የሆነው።

ላይል በመስከረም 1992 ዓመት ተወለደ። ከአራቱ ወንድማማቾች የመጨረሻው እርሱ ነው፤ በኩሩ ጄረሚ፣ ተከታዩ ጄሮም፣ ሦስተኛው ማይልስ ይባላሉ። አራቱም በኦኖንዳጋ ምድር አደጉ፤ አራቱም በትሩን የያዙት ገና በሕፃንነታቸው ነው፤ አራቱም እንደ ሕዝባቸው ልማድ ጸጉራቸውን አስረዝመው ይሠሩታል። ታናሽ ወንድም የሆነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያ መምህሩም፣ የመጀመሪያ ተቃዋሚውም ታላቅ ወንድሙ ነው። ላይል ከሦስት ታላላቆቹ ጋራ ሲጋፋ ስላደገ፣ ጉልበት ሳይደርስለት ብልሃትን ተማረ፤ ኳሱን በስተ ኋላው መወርወርን፣ በአንድ እጁ መያዝን፣ ሳያይ ለባልንጀራው ማቀበልን ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዕድሜው ለዩኒቨርሲቲ በተቃረበ ጊዜ አንድ የቤተ ሰብ ፈተና መጣበት። የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ለኦኖንዳጋ ምድር ቅርብ ነው፤ የላክሮስ ቡድኑም በአሜሪካ ሁሉ የታወቀ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጄረሚ በዚያ ተጫውቷል፤ ላይልም ገና ልጅ ሳለ ወደዚያው ሊሄድ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። በኋላ ግን ማይልስና የአጎታቸው ልጅ ታይ በአልባኒ ከተማ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የአልባኒው ቡድን በዝናው ከሲራኪዩዙ ጋራ የሚተካከል አልነበረም። ላይል ሐሳቡን ለወጠና፣ ዝነኛውን ትቶ ከወንድሙ ጋራ መሆንን መረጠ። ብዙ ሰው ስሕተት አደረገ ሳይለው አልቀረም፤ ፍሬው ግን በኋላ ታየ።

በላክሮስ የተጫዋች ቁጥር ከሁለት ነገር ይሰበሰባል፤ አንዱ ያገባው ግብ ነው፤ ሁለተኛው ለባልንጀራው አመቻችቶ የሰጠውና ግብ የሆነው ኳስ ነው። በ2014 ዓመት ላይል በአንድ የጨዋታ ዘመን 128 ቁጥር አገኘ፤ ከዚህም 51 ያገባው፣ 77 ለሌሎች የሰጠው ነው። ማይልስ ደግሞ 82 ግብ አግብቶ 37 አቀበለና 119 ቁጥር አገኘ። ከዚያ በፊት ከ1992 ዓመት ጀምሮ ሳይደፈር የኖረው ታላቁ ቁጥር 114 ነበር፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ዓመት አብረው አለፉት።

በአሜሪካ ለዩኒቨርሲቲ የላክሮስ ተጫዋቾች የሚሰጠው የመጨረሻው ሽልማት ቴዋራቶን ይባላል። ስሙ በሞሆክ ቋንቋ የጨዋታው ስም ነው፤ ሽልማቱም የሞሆክ ተጫዋች ምስል ያለበት የነሐስ ሐውልት ነው። ሆኖም ከ2001 ዓመት ጀምሮ እስከ 2013 ድረስ ሽልማቱ በየዓመቱ ሲሰጥ፣ ከአገሬው ተወላጆች ወገን የተቀበለው ወንድ አልነበረም። በነሐሱ ላይ መልካቸው አለ፤ ከተሸላሚዎቹ መዝገብ ግን ስማቸው አልነበረም። በ2014 ዓመት ዳኞቹ ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱን ለይተው መምረጥ ስላልቻሉ፣ ሽልማቱን ከዚያ በፊት ባልተደረገ ሁኔታ ለማይልስና ለላይል በአንድነት ሰጡ። በ2015 ዓመት ደግሞ ላይል ብቻውን ደገመው። የአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ጨዋታውንም የፈጸመው ከእርሱ በፊት ማንም ባልደረሰበት በ400 ቁጥር ነበር። እኛን ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ ያስገረመን አከፋፈሉ ነው፤ ከ400ው ውስጥ 175ቱ ራሱ ያገባቸው ሲሆኑ፣ 225ቱ ግን ሌላው ሰው እንዲያገባ የሰጣቸው ናቸው። በመቀበል ሳይሆን በመስጠት የበዛ ሰው ከሁሉ በላይ ቆመ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የደመወዙ ዘመን መጣ። በ2015 ዓመት የሜዳውም የአዳራሹም ማኅበር አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ፣ በሁለቱም ዘንድ በመጀመሪያ የተጠራው ስም የላይል ነበር፤ በሜዳው የፍሎሪዳ ቡድን፣ በአዳራሹ የጆርጂያ ቡድን ወሰዱት። ነገር ግን ክቡራን አንባቢዎቻችን በአሜሪካ የኳስ ተጫዋች ሁሉ ባለጸጋ ነው ብለው እንዳያስቡ እንለምናለን። የላክሮስ ደመወዝ ከሌሎቹ የአሜሪካ ጨዋታዎች ደመወዝ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች በሳምንቱ ቀኖች በመምህርነት፣ በእሳት አጥፊነት ወይም በሌላ ሥራ ውለው፣ በሳምንቱ መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ጨዋታው ከተማ ይበራሉ፤ ተጫውተውም ሰኞ ከሥራቸው ለመገኘት ይመለሳሉ። ለምሳሌ በቡፋሎ ቡድን ከ1992 እስከ 2015 ዓመት ድረስ 24 የጨዋታ ዘመን የቆየው ዝነኛው የካናዳ ተወላጅ ጆን ታቫሬስ፣ በዚያ ሁሉ ዝናው መካከል የሒሳብ መምህር ሆኖ ያስተምር ነበር።

ላይልም ገና በዩኒቨርሲቲ ሳለ አባት ስለ ሆነ፣ የቤቱ ሸክም ከዝናው ቀድሞ ደርሶበታል። ስለዚህ ክረምቱን በአዳራሽ፣ በጋውን በሜዳ ይጫወት ጀመር፤ ከወንድሞቹም ጋራ ሆኖ በስማቸው የሚጠራ የንግድ ሥራ አቆመ፤ የጨዋታ ዕቃና ልብስ ይሸጣሉ፤ በየአገሩም እየዞሩ ልጆችን ያስተምራሉ። በትምህርታቸውም ኳስ መወርወርን ብቻ ሳይሆን፣ ጨዋታው ከየት እንደ መጣና በምን ልብ መጫወት እንደሚገባ ይነግሯቸዋል። አራት ወንድማማቾች አንድ ሙያ፣ አንድ ንግድ ሲይዙ ጠብ አይጠፋም ይባላል፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ቃል በእነርሱ ቤት ሠርቷል።

የወንድማማቾቹ ፍቅር ከሁሉ ይልቅ የተፈተነው በ2017 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ላይል፣ ማይልስና ጄሮም ሦስቱም በጆርጂያ ቡድን ነበሩ። ለዋንጫው የመጨረሻ ግጥሚያ የደረሰው ተቃዋሚያቸው የካናዳው የሳስካቸዋን ቡድን ሆነ፤ በዚያ ደግሞ በኩሩ ጄረሚ ነበረ። ጄረሚ በ2015ና በ2016 ዓመት ከቡድኑ ጋራ ዋንጫውን አከታትሎ የወሰደ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ታናናሾች ታላቃቸውን ከማዕረጉ ለማውረድ ተሰለፉ። በላክሮስ በደረትና በትከሻ መጋጨት የተፈቀደ ነውና፣ ለሚመለከታቸው ዘመድ ምን ያህል ልብ የሚከፍል እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ በዚያው ቤት ደስታም ኀዘንም መግባቱ አይቀርም። ጆርጂያዎች ሁለቱን ግጥሚያ አሸነፉ፤ ሁለተኛው ግጥሚያ በእኩል ስላለቀ በተጨማሪ ሰዓት ተጫወቱና፣ ዋንጫውን የወሰነችውን ግብ ያገባው ማይልስ ሆነ። በዚያው ዓመት ላይል የማኅበሩ ከሁሉ የበለጠ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ታላቁን ያሸነፉት በታላቁ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ሽንፈቱ ለጄረሚ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የመምህርነቱ ምስክር ነው ብለን እናስባለን።

ሌላው ፈተና ደግሞ በጥር ወር 2019 ዓመት በፊላደልፊያ ከተማ መጣ። የጆርጂያ ቡድን በእንግድነት ሲጫወት፣ በአዳራሹ የድምፅ ማጉያ የሚናገረው ሰው የላይልን የተሠራ ጸጉር እንቁረጠው የሚል የዘለፋ ቃል በሕዝብ ፊት ተናገረ፤ ከተመልካቾቹም መካከል ከዚያ የከፋ፣ ከራስ ቆዳው ጋራ ስለ መግፈፍ የሚል ጩኸት ተሰማ። ጸጉር በሀውደኖሾኒ ዘንድ የሰው ማንነት ምልክት ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ የአገሬውን ልጆች ከወላጆቻቸው ለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤት ባስገቧቸው ዘመን፣ በመጀመሪያ ያደረጉባቸው ጸጉራቸውን መቁረጥ ነበር። ስለዚህ ቃሉ እንደ ተራ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ላይል ግን በዚያ አዳራሽ በትሩን ለጠብ አላነሣም፤ ጨዋታውን ጨርሶ ነገሩን በጽሑፍ ለሕዝብ አስታወቀ። ተናጋሪው ይቅርታ ጠየቀ፤ ቡድኑም ከሥራው አሰናበተው። ላይል ከዚህ ማኅበር የጨዋነት ሽልማት የተቀበለው ከአንድ ጊዜ በላይ መሆኑን ስናስብ፣ ትዕግሥቱ የፍርሃት ሳይሆን የአስተዳደግ መሆኑን እንረዳለን። በዚያው በ2019 ዓመት በሜዳው ማኅበር ከቼሳፒክ ቡድን ጋራ ዋንጫ ወሰደ። ይህም ማኅበር በ2020 ዓመት መጨረሻ ከአዲሱ ማኅበር ጋራ በተዋሐደ ጊዜ፣ ላይል በ2021 ዓመት ወደ አዲሱ ገብቶ ለካነንስ ቡድን ተጫወተ።

የደመወዙ ነገር ይህን ያህል ከተነገረ፣ ያለ ደመወዝ ስለሚጫወትለት ወገኑ ጥቂት መናገር ይገባናል። የሀውደኖሾኒ ብሔራዊ ቡድን በ1983 ዓመት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የኦኖንዳጋው ሽማግሌ ኦረን ላየንስ ናቸው፤ እሳቸውም በ1957 ዓመት ያልተሸነፈው የሲራኪዩዝ ቡድን በረኛ ነበሩ። ቡድኑ በዓለም ውድድር እንደ አንድ አገር በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋል፤ ተጫዋቾቹም በራሳቸው የይለፍ ወረቀት ይጓዛሉ። በ2010 ዓመት ውድድሩ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር በሆነ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ያንን ወረቀት አንቀበልም ስላለ፣ የሌላ አገር ወረቀት ይዘን ከምንጫወት ብንቀር ይሻለናል ብለው ቀሩ። በ2014 ዓመት በዴንቨር ከተማ ላይልና ወንድሞቹ ሦስተኛ ሆነው የነሐስ ሜዳይ አገኙ፤ ይህም የሕዝባቸው በሜዳ ጨዋታ የመጀመሪያው ነው። በ2018 ዓመት 46 አገሮች በተሰበሰቡበት በእስራኤል በናታንያ ከተማ፣ በ2023 ዓመትም በሳንዲያጎ ይህንኑ ማዕረግ ደገሙት።

በ2022 ዓመት በአላባማ በበርሚንግሃም ከተማ ለሚደረገው የዓለም ጨዋታ ደግሞ፣ በመጀመሪያ በአዘጋጆቹ ዝርዝር ሳይገቡ ቀርተው ነበር። በዚህ ጊዜ የአየርላንድ ቡድን የገዛ ቦታውን ለቀቀላቸው። ባለቤት ሳይጠራ የቀረበትን ግብዣ እንግዳው ወንበሩን ለቅቆ ቤቱ እንዲገባ አደረገው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ከዋንጫ ይልቅ ሊወሳ የሚገባው ነው። በጥቅምት 2023 ዓመት ደግሞ የዓለም ኦሊምፒክ ጉባኤ በሕንድ አገር በሙምባይ ተሰብስቦ፣ ከ1908 ዓመት ወዲህ ለሜዳይ ያልተደረገው ላክሮስ በ2028 ዓመት ወደ ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲመለስ ወሰነ። ሀውደኖሾኒዎች በራሳቸው ሰንደቅ እንዲገቡ ለመኑ፤ በታኅሣሥ 2023 ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን ልመናቸውን ደገፉ። ጉባኤው ግን የኦሊምፒክ ኮሚቴ ላላቸው አገሮች ብቻ እንደሚፈቀድ፣ ተጫዋቾቹም በአሜሪካ ወይም በካናዳ ስም ሊገቡ እንደሚችሉ መለሰ። በ1880 ዓመት ምክንያቱ ገንዘብ ነበር፤ በኋላ ምክንያቱ ወረቀት ሆነ፤ በሩ ግን ያው በር ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሰው የአባቱን ስጦታ ለእንጀራው ቢያውል ክብሩ ይጎድላልን? የቶምሰን ቤት ታሪክ የሚያሳየን፣ ክብርን የሚያጎድለው ደመወዙ አለመሆኑን ነው። ላይል በመረቡ የገባውን ኳስ አብዝቶ ለሌላው ሰጠ፤ ዝነኛውን ትምህርት ቤት ትቶ ወንድሙን መረጠ፤ ተዘልፎ ጸጉሩን አልቆረጠም፤ በደመወዝ ሲጫወት ኖሮ፣ ወገኑ በጠራው ጊዜ በወገኑ ሰንደቅ ሥር ቆመ። ደመወዙ የልጆቹን እንጀራ ገዛ፤ ስጦታውን ግን አልገዛውም።

እኛም ልጆችን ለሙያ የሚያሰናዱ ወላጆች ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር እንዲወስዱ እንወዳለን። ልጅ በሙያው ምን ያህል እንደሚያገኝ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ሙያውን ከማን እንደ ተቀበለው፣ ለማንስ እንደሚያስተላልፈው አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ደመወዙ ቢበዛ አይታበይም፣ ቢያንስም አያፍርም። በኦኖንዳጋ ምድር ወንድ ልጅ በተወለደ ጊዜ በአጠገቡ የሚያኖሩለት ያች ትንሽ በትር የምትነግረው ይህንኑ ይመስለናል።